የጸዳ ድንጋይ ዓሣ የሚገድለው ለምንድን ነው? (ስለ ባሕር አኳሪየም ደረቅ ድንጋይ አጠባና አዘገጃጀት)

በሠርቶ ማሳያው ክፍል መስኮት ሥር ያለውን የመስታወት ገንዳ የማያውቅ ሠልጣኝ ያለ አይመስለንም። ባለፈው ሴሚስተር ስድስት ትንንሽ ቆሮሶዎች ነበሩበት። ዛሬ ዓሣ የለበትም። ነገሩ እንዲህ ነው። እንግዶች ሊጎበኙን ይመጣሉ ሲባል የሳይንስ ክበብ አባላት የሆንን እኛ ገንዳውን ሙልጭ አድርገን አጠብነው። ጠጠሩንና ድንጋዩን በበረኪና ዘፈዘፍን፤ ደጋግመን አለቀለቅን፤ ፀሐይ ላይ አሰጣን። የቧንቧውንም ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣለት ሁለት ቀን አሳድረን ነበር የሞላነው። እንግዶቹ መጡ፣ ገንዳው እንደ ብርሌ ጠርቶ አዩት፣ አመሰገኑን፣ ሄዱ። በአምስተኛው ቀን ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ ያለከልኩ ጀመር። በሰባተኛው ቀን አንድም አልቀረም።

የባዮሎጂ መምህራችን መጥተው ገንዳውን አዩና አልተቆጡንም። «ለመሆኑ ድንጋዩን አጠባችሁት ወይስ ገደላችሁት?» ብለውን ብቻ ሄዱ። ድንጋይ ደግሞ ይሞታል እንዴ? ብለን ተሳሳቅን። በኋላ ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሣንና መልሱን ስንፈልግ ያገኘነው ከሩቅ ቦታ ነው፤ የባሕር ዓሣና ኮራል በቤታቸው ከሚያኖሩ ሰዎች ዘንድ። እነዚህ ሰዎች አንድ ደረቅ ድንጋይ አኳሪየም ውስጥ ለማስገባት ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይደክማሉ። እኛ በግማሽ ቀን የጨረስነው ሥራ እነሱ ዘንድ ገና መጀመሪያው ነው። ስለሆነም የእነሱን አሠራር ከመነሻው እስከ መድረሻው ለማስረዳት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ ድንጋዩ ምንድን ነው? ኮራሎች በሞቃት ባሕር ውስጥ በማኅበር የሚኖሩ ትንንሽ እንስሳት ናቸው። ከባሕሩ ውሃ ካልሲየም እየወሰዱ ከካልሲየም ካርቦኔት የተሠራ ቤት ለራሳቸው ያበጃሉ። እነሱ ሲሞቱ ቤቱ ይቀራል፣ በላዩ ሌላው ይሠራል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ በብዙ ሺህ ዓመት ቋጥኝ ይሆናል። ይህን በዓይን ለማየት የሚመቸው አንዱ ቦታ በአሜሪካ በፍሎሪዳ ጫፍ ያሉት የኪይስ ደሴቶች ናቸው። ከላይኛዎቹ ደሴቶች ሥር ያለው አለት ዕድሜው ወደ 125 ሺህ ዓመት የሚጠጋ የኮራል ቋጥኝ ነው። ዊንድሊ ኪ በምትባለው ደሴት ላይ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1912 ኪ ዌስት ለደረሰው የባሕር ላይ የባቡር ሐዲድ ግንባታ ድንጋይ ይፈለጥ ነበር። ዛሬ ቦታው የሕዝብ መናፈሻ ሲሆን፣ በተቆረጠው የድንጋይ ግድግዳ ላይ የኮራሎቹ መልክ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለአኳሪየም የሚሸጠው ደረቅ ድንጋይም ከፊሉ እንዲህ ካለ ጥንት ባሕር ከነበረ የብስ ተቆፍሮ የሚወጣ ነው። ከፊሉ ደግሞ ከባሕር ወጥቶ የደረቀ ነው። ከሲሚንቶና ከሸክላ በሰው እጅ የሚሠራም አለ።

ለነገሩ የኮራል ድንጋይ ለማየት ፍሎሪዳ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። በአፋር የደናክል ረባዳ፣ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው ምድር ዳር ዳሩን፣ ቀይ ባሕር ከመቶ ሺህ ዓመት በላይ በፊት ገብቶበት በነበረ ጊዜ ያደጉ ኮራሎች እስከ ዛሬ በድንጋይነት ቆመው ይገኛሉ። ባሕሩ ተቆርጦ ሲደርቅ ጨዉ ቀረ። አያቶቻችን የተገበያዩበት አሞሌና ያ ኮራል እንግዲህ ጎረቤታሞች ናቸው ማለት ነው። ጂኦግራፊ የምታስተምሩ ይህን ብትይዙት አይጎዳችሁም።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። ድሮ የባሕር አኳሪየም ያላቸው ሰዎች ደረቅ ድንጋይ አይፈልጉም ነበር፤ የሚፈልጉት «ሕያው ድንጋይ» የሚሉትን ነው። ሕያው ድንጋይ ማለት ከባሕር እርጥብ እንዳለ የሚወጣ፣ በላዩም በውስጡም ስፖንጁ፣ ትሉ፣ አልጌው፣ ባክቴሪያው ሁሉ በሕይወት ያለበት ማለት ነው። ይህን ዘዴ በስፋት ያሳወቁት በኢንዶኔዥያ የጃካርታ ነዋሪ የነበሩት ሊ ቺን ኤንግ ናቸው። እሳቸው በ1961 ባወጡት ጽሑፍ፣ ሕያው ድንጋይና የአየር አረፋ ብቻ በመጠቀም የባሕር እንስሳትን በገንዳ ማኖር እንደሚቻል አስረዱ። ሌላው ሰው የማጣሪያ ዓይነት ሲደረድር እሳቸው ድንጋዩን ራሱን ማጣሪያ አደረጉት። ታዲያ ዘዴው ሲወደድ ባሕሩ መራቆት ጀመረ። በፍሎሪዳ ሕያው ድንጋይ ከባሕር ማውጣት በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ ታገደ፤ ዛሬ እዚያ በሕጋዊ መንገድ የሚሸጠው፣ ሰዎች ራሳቸው ደረቅ ድንጋይ ባሕር ውስጥ ዘርተው ከዓመታት በኋላ የሚያጭዱት ነው። ብዙው ሰውም ወደ ደረቁ ዞረ። ደረቁ ርካሽ ነው፣ ጎጂ ተባይም ይዞ አይመጣም። ጉድለቱ አንድ ነው፤ የሞተ ነው። ከዚህም በላይ የሟቾቹን ትርፍራፊ ይዟል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን «ቆሻሻ» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ እናስረዳ። ደረቅ ድንጋዩ ሲታይ ነጭ ነው፣ ንጹሕ ይመስላል። ነገር ግን ቀዳዳው እንደ እንጀራ ዓይን ነው፤ በየዓይኑ ውስጥ የደረቀ ስፖንጅ፣ የደረቀ አልጌ፣ የቀንድ አውጣ ሥጋ ሊኖር ይችላል። ይህ ሁሉ ውሃ ሲያገኝ ይበሰብሳል። ሲበሰብስ አሞኒያ ይወጣዋል፣ ፎስፌትም ይወጣዋል። አሞኒያው ዓሣ ይገድላል። ፎስፌቱ ደግሞ ከድንጋዩ ገጽ ጋር ተጣብቆ ይቆይና ለወራት ጥቂት በጥቂት እየለቀቀ አልጌ ይመግባል፤ ሲበዛም ኮራሉ አጥንቱን እንዳይሠራ ያውከዋል። ስለዚህ ጽዳቱ ሁለት ጠላት አለው ማለት ነው። አንዱ ሥጋ ነው፣ ሁለተኛው ሥጋው ትቶት የሄደው ነው። ለሁለቱ መድኃኒቱ አንድ አይደለም።

ሥራው በብሩሽ ይጀመራል። ጠንካራ የፕላስቲክ ብሩሽ ይዞ እያንዳንዱን ድንጋይ መፈተግ፣ በጎማ ውሃ ኃይል ቀዳዳውን መምታት፣ የተጣበቀውን በመሮ ማንሣት ነው። የዛገ ብረት የሚመስል ነገር ያለበት ድንጋይ ይጣላል። ድንጋዩ እውነት የኖራ ዘር መሆኑን የሚጠራጠር ሰው ኮምጣጤ ጠብ ያድርግበት፤ አረፋ ካወጣ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ይህን ሙከራ ማንኛውም ትምህርት ቤት በሎሚ ጭማቂ ሊሠራው ይችላል፣ የእንቁላል ቅርፊትም ይበቃዋል።

ቀጥሎ ሥጋውን የሚያጠፋው በረኪና ነው። ሽቶ የሌለው ተራ በረኪና በአሥር እጅ ውሃ ተበርዞ በፕላስቲክ በርሜል ውስጥ ድንጋዩ ይዘፈዘፋል። በረኪና ሥጋንና አልጌን እያቃጠለ ያሟሟል፤ ጥቂት ቀን፣ ካስፈለገም ሳምንት ይቆያል። መካከል ላይ ውሃው ከደፈረሰ ይደፋና በአዲስ ይተካል። ሲያበቃ ድንጋዩ በብዙ ውሃ ይታጠባል፤ ንጹሕ ውሃ ውስጥም ይነከራል። የቀረውን ክሎሪን ለማጥፋት ሶዲየም ታዮሰልፌት የሚባል ቅመም ይጨመራል። ከዚያ ፀሐይ ላይ ውስጡ ድረስ እስኪደርቅ ይሰጣል። አፍንጫን ማመን ጥሩ ነው፤ የበረኪና ሽታ ካለ አልጨረስንም። እኛ በገንዳችን ላይ ያደረግነው እስከዚህ ድረስ ነበር። እስከዚህ ድረስ ደግሞ በትክክል ነበር የሠራነው፤ ይህን ራሳችንን ለማጽናናት ስንል አይደለም።

ፎስፌቱ ግን በበረኪና አይወጣም። ለእሱ ብዙዎች የሚጠቀሙት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። የኬሚስትሪ ተማሪ እንደሚያውቀው አሲዱ ካልሲየም ካርቦኔትን ሲያገኝ ካልሲየም ክሎራይድ፣ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናሉ። ስለዚህ የድንጋዩ የላይኛው ገጽ እንደ ልጣጭ ተልጦ ይሄዳል፤ የተጣበቀውም ፎስፌት አብሮት ይሄዳል። ስሌቱን ለሚወዱ፦ 100 ግራም ካልሲየም ካርቦኔት 73 ግራም ንጹሕ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በልቶ 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። አሲዱ ከአንድ እጅ ለአሥር ወይም ለሃያ እጅ ውሃ ይበረዛል። ሁልጊዜ አሲዱ ወደ ውሃው ነው የሚጨመረው፤ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም፣ ይፈናጠራል። የላስቲክ ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ ሜዳ ላይ መሥራት፣ ከነፋሱ ወዲያ ሳይሆን ወዲህ መቆም ግዴታ ነው። አረፋው ጋብ ሲል አሲዱ ሥራውን ጨርሷል። የተረፈው በሶዳ ይከሰማል፤ ድንጋዩም እንደገና በብዙ ውሃ ይለቀለቃል። ድንጋዩ ከክብደቱ የተወሰነ ይቀንሳል። ሁሉም ሰው አሲድ አይጠቀምም። ድንጋያቸው ከየብስ የተቆፈረና ሥጋ የሌለው ከሆነ ብሩሽና ውሃ ብቻ የሚበቃቸው አሉ። እኛም ብንጠየቅ አሲዱን ለልጆች ማሳያ እንጂ ለልጆች እጅ አንመክርም።

አሁን ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ሁሉ፣ ዓሣ አይቶ የማያውቅም ቢሆን፣ እንዲያስታውስልን የምንፈልገው ነገር አለ። በረኪናና አሲድ ፈጽሞ አይገናኙም። ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በ1915 በቤልጅግ ኢፕር ግንባር በወታደሮች ላይ የተለቀቀው ይኸው ክሎሪን ነው። ለድንጋይ አጣቢዎች ሕጉ፣ በረኪናው ተለቅልቆ፣ ደርቆ፣ ሽታው ሳይቀር ጠፍቶ ካልሆነ አሲዱ አይከፈትም የሚል ነው። የእኛስ ቤት? መጸዳጃ ለማጽዳት በረኪናን ከአሲድነት ካለው ማጽጃ ጋር «ይበልጥ እንዲያነጣ» ብሎ የሚቀላቅል ሰው አላየንም እንዴ? አይተናል። በዶርም መታጠቢያ ቤት ውስጥ አይተናል፤ ሲያሳልም ሰምተናል። ከአሞኒያ ጋር መቀላቀሉም እንዲሁ መርዝ ነው።

ሁለተኛው ክልክል መቀቀል ነው። አንዳንድ ሰው «ውሃ ቢፈላበት ሁሉም ይሞታል አይደል?» ይላል። ይሞታል። ነገር ግን በተለይ ከሌላ ሰው አኳሪየም የወጣ ድንጋይ ላይ ዞአንቲድ የሚባሉ የኮራል ዘመዶች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ከእነሱም መካከል ፓሊቶክሲን የተባለ ከተፈጥሮ መርዞች ሁሉ ኃይለኛ ከሆኑት አንዱ የሚገኝባቸው አሉ። ድንጋዩ ሲቀቀል ወይም የፈላ ውሃ ሲደፋበት መርዙ ከእንፋሎቱ ጋር ወደ ሳንባ ይገባል። በአላስካ ከ2012 እስከ 2014 ባለው ጊዜ በመኖሪያ ቤትና በአኳሪየም ሱቅ ውስጥ በዚህ መርዝ ሳይመረዙ አልቀሩም የተባሉ ሰዎች መታመማቸውን የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣኖች ዘግበዋል። ንጹሕ ላደርግ ብሎ መታመም ይሉሃል ይህ ነው።

ድንጋዩ አሁን ነጭ፣ ደረቅ፣ ሽታ የሌለው ሆኗል። እኛ ብንሆን «አለቀ» እንል ነበር። የባሕር አኳሪየም ሰዎች ግን «ማብሰል» ወደሚሉት ሥራ የሚገቡት ገና አሁን ነው፤ ስሙ ማብሰል ይባል እንጂ እሳት የለበትም። ክዳን ያለው ትልቅ በርሜል ይወስዱና የጨው ውሃ ይሞሉታል። ጨዉ የገበታ ጨው አይደለም፤ የባሕር ማዕድናት ሁሉ የተመጠኑበት ድብልቅ ነው፣ ለአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል። ማሞቂያው ውሃውን 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይይዘዋል፤ ፓምፑ ያዟዙረዋል። በርሜሉ በጨለማ ይቀመጣል፤ ብርሃን ካገኘ አልጌው ይቀድማል። ከዚያ መጠበቅ ነው። በየሳምንቱ ፎስፌቱ ይለካል፣ ከታች የተጠራቀመው ዝቃጭ ይቀዳል፣ ውሃው ይለወጣል። ፎስፌቱ እንቢ ካለ ብረት ኦክሳይድ ያለበት ማጣሪያ ይጨምራሉ። አራት ሳምንት፣ ስምንት ሳምንት፣ አንዳንዱ ድንጋይ ከዚያም በላይ ይፈጃል።

በዚህ ጨለማ ውስጥ የሚሆነው ነገር ነው የእኛን ቆሮሶዎች ታሪክ የሚፈታው። ዓሣ ሲተነፍስም ሲያወጣም አሞኒያ ይለቃል፤ የተረፈው ምግብም እንዲሁ። አሞኒያ ለዓሣ መርዝ ነው፣ መጀመሪያ የሚያጠቃውም ስንጥቡን ነው። ታዲያ በሐይቅና በባሕር ዓሣው በራሱ ሽንት ለምን አያልቅም? ምክንያቱም አሞኒያን በልተው ወደ ናይትራይት የሚለውጡ፣ ናይትራይቱን ደግሞ ወደ ናይትሬት የሚለውጡ ረቂቅ ሕያዋን ስላሉ ነው። ሩሲያዊው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ እነዚህን ባክቴሪያዎች ለይቶ ያወጣቸው በ1890 ገደማ ከአፈር ውስጥ ነበር። በ2005 ደግሞ ሌላ ጉድ ተገኘ። አሞኒያ በል የሆነ፣ ነገር ግን ባክቴሪያ ሳይሆን አርኬያ ከሚባለው ወገን የሆነ ፍጡር ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻው ሲለይ፣ የተገኘው ከጥልቅ ውቅያኖስ አልነበረም፤ በአሜሪካ በሲያትል የሕዝብ አኳሪየም ውስጥ ከነበረ የሞቃት ባሕር ገንዳ ጠጠር ላይ ነው። ኒትሮሶፑሚለስ ማሪቲመስ ብለው ጠሩት። ዘመዶቹ በውቅያኖስ ሁሉ ሞልተው እንዳሉ ተረጋግጧል። ያን ጠጠር አንድ ትጉህ ሰው በበረኪና አጥቦት ቢሆን ኖሮስ?

እነዚህ ፍጡራን ውሃው ላይ ተንሳፈው አይኖሩም ባይባልም ዋናው ቤታቸው የድንጋይና የጠጠር ገጽ ነው። ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ የሚወደደውም ገጹ ሰፊ ስለሆነ ነው። አየር በማይደርስበት በድንጋዩ ሆድ ውስጥ ደግሞ ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ለውጠው ከውሃው የሚያስወጡ ሌሎች አሉ። ችግሩ ሲራቡ እንደ ሌሎቹ ባክቴሪያዎች በፍጥነት አይራቡም፤ ቁጥራቸው አንድ እጥፍ ለመሆን ግማሽ ቀን፣ አንድ ቀን፣ ከዚያም በላይ ይፈጅባቸዋል። የእኛ በረኪና በአንድ ቀን ጠርጎ ያጠፋውን መንደር መልሶ ለማቆም ሳምንታት የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። ስድስቱ ዓሦች አሞኒያ መልቀቅ የጀመሩት በመጀመሪያው ቀን ነው፤ የሚበላላቸው ግን አልነበረም። ውሃው ጠርቶ መታየቱ ምንም አልጠቀመም፤ አሞኒያ ቀለም የለውም።

ስለዚህ አዋቂዎቹ በርሜሉ ውስጥ ዘር ይዘራሉ። ከቆየ ጤነኛ አኳሪየም አንድ ቁራጭ ድንጋይ፣ ወይም በጠርሙስ የሚሸጥ ባክቴሪያ ይጨምራሉ። ዓሣ ሳይኖር ምግብ እንዲያገኙም ጥቂት አሞኒየም ክሎራይድ ይሰጣሉ። በየቀኑ ይለካሉ። መጀመሪያ አሞኒያው ይወጣል፤ ቀጥሎ እሱ ወርዶ ናይትራይቱ ይወጣል፤ በመጨረሻ ሁለቱም ወርደው ናይትሬት ብቻ ይቀራል። ፈተናው ይህ ነው፦ በሊትር 2 ሚሊግራም ያህል አሞኒያ ዛሬ ተጨምሮ በነገው በዚያው ሰዓት ሲለካ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ከሆነ ድንጋዩ በቅቷል። ያን ጊዜም ቢሆን ዓሦቹን አንድ ሁለት እያሉ ነው የሚያስገቡት።

የእኛ ገንዳ የጨው ውሃ አይደለም፤ ሥርዓቱ ግን ያው ነው። ከአንድ ሠልጣኝ አገር፣ ከሐይቅ ዳር፣ አልጌ የያዘ ጥቂት ጠጠር በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ መጥቶልናል። ከነጩ ድንጋያችን ጋር ባልዲ ውስጥ ከተናቸዋል። በየማለዳው ቁንጥር የዓሣ ምግብ እንጥልበታለን፣ በትንሿ ፓምፕ አየር እንነፋበታለን። ዘንድሮ ሰው ይመጣል ቢባልም አንነካውም። አሁን አምስተኛ ሳምንቱ ሲሆን ድንጋዩ ላይ ቡናማ ነገር መልበስ ጀምሯል፤ ስንዳስሰው ያሟልጫል። ባልዲው ከሠርቶ ማሳያው ክፍል በር በስተግራ፣ ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ነው ያለው። ባለፈው ዓርብ የክፍል ጽዳት ተራ የደረሳቸው ጓደኞቻችን ሊደፉት ሲሉ ነው የደረስንባቸው። በላዩ ወረቀት ለጥፈንበታል፤ «ሰው ያለበት ቤት ነው፣ አይታጠብ» ይላል።